ሳያትም የሚደክመው ሰርቨር

ሰኔ 2015 ዓ.ም.፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ስንችለው የኖርነው ችግር የማይቻል ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ዋና ቢሮው አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፎቹ ክፍለ ሀገር የሆነ የብድርና ቁጠባ ድርጅት ነው፤ ስሙ ይቅር። የሒሳብ ሠራተኞቹ የሚሠሩት ጠረጴዛቸው ላይ ባለው ኮምፒውተር አይደለም። በሪሞት ዴስክቶፕ አንድ የጋራ ሰርቨር ውስጥ ይገባሉ፤ የሒሳብ ፕሮግራሙም ኤክሴሉም ያለው እዚያ ነው። ፕሪንተራቸው ግን አጠገባቸው ነው። ሰው ሲገባ ሪሞት ዴስክቶፕ የእጁን ፕሪንተሮች አብሮ ወደ ሰርቨሩ ያስገባለታል፤ ትእዛዙ አዲስ አበባ ተሰጥቶ ወረቀቱ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣል። ሰርቨሩ ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 የተጫነበት ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ 8 ኮር ፕሮሰሰርና 32 ጊጋባይት ራም አለው። በሥራ ሰዓት 40 ያህል ሰው ይጠቀምበታል። ለዚህ ሥራ ያንሳል የሚባል ማሽን አልነበረም።

ደንበኛ መስኮቱ ላይ ቆሟል፤ ገንዘብ ያዥዋ "ሲስተም የለም" ትለዋለች። ሲስተሙስ አለ፤ የጠፋው መልሱ ነው። የትኛው ፕሮግራም ማሽኑን እንደሚበላ የሚያሳየው ታስክ ማኔጀር ሲከፈት አናት ላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ያው ነው፦ የህትመት አገልግሎቱ፣ ስፑለር። ከጠዋት ጀምሮ 12 ወይም 13 በመቶ ላይ ተቸንክሮ ይውላል። በመሀል ደግሞ ድንገት ወደ 70 ይዘልና አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ እዚያው ይቆያል። ያን ጊዜ ኤክሴል መክፈት እንኳ ጭንቅ ነው።

የፋይናንስ ኃላፊዋ አንድ ቀን ጠርተውኝ "እኔ ዛሬ አንድም ወረቀት አላተምኩም፤ የፕሪንተር ጣጣ ከሆነ እኔን ለምን ያቆመኛል?" አሉኝ። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ አልጠየቀኝም ነበር። ኤክሴል ገጹን ለመዘርጋት የወረቀቱን ስፋትና ኅዳግ ማወቅ አለበት፤ ይህን የሚጠይቀው ደግሞ ዋና ተብሎ የተመረጠውን ፕሪንተር ነው። ጥያቄው በስፑለር በኩል ያልፋል። ስፑለሩ ሥራ ከበዛበት ኤክሴል ይጠብቃል፣ እርስዎም ከኤክሴሉ ጋር ይጠብቃሉ አልኳቸው። የሒሳብ ፕሮግራሙም ሪፖርት ከማሳየቱ በፊት ያንኑ ነው የሚያደርገው። "ታዲያ አስተካክለው እንጂ" አሉኝ፤ ይኸው ነው የሥራ ትእዛዙ።

የወረስነው መድኃኒት

ሥራውን ስረከብ አንድ ልማድ አብሮ ተረክቤያለሁ። ሰርቨሩ ላይ ስፑለሩን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በምሳ ሰዓትና እኩለ ሌሊት ላይ፣ ራሱ አጥፍቶ የሚያስነሳ የጊዜ ሠሌዳ ተቀምጧል። ከዚያ ሌላ ስልክ በተደወለ ቁጥር እኛው በእጃችን ሪስታርት እናደርጋለን። ይሠራል። ቁጥሩ ወዲያው ዜሮ ይገባል፣ ደዋዩ ያመሰግናል፣ እኛም ወደ ሻያችን እንመለሳለን። ከዓመት በላይ እንዲህ ኖረናል፤ ለምን ቀንሶ ለምን እንደሚመለስ የጠየቀ አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

ስንጠይቅም በቀላሉ ጀመርን። የተቀረቀረ ሥራ ይኖራል ብለን ስፑለሩን አቁመን ትእዛዞቹ የሚጠራቀሙበትን ማኅደር አየን፤ ሦስት አሮጌ ፋይል ነበር፣ ሰረዝን። ለውጥ የለም። አንቲቫይረሱ ማኅደሩን እየፈተሸ ይሆናል ብለን ከፍተሻ አወጣነው። አሁንም ያው።

ከዚያ የሠራነውን ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ማሽኑን ከ8 ኮር ወደ 12 አሳደግነው። በማግስቱ ጠዋት ያ የተቸነከረው 12.5 በመቶ ወደ 8 ወርዶ አገኘነው። "ተሻሻለ" ብለን ሪፖርት ጻፍን። ከሰዓት በኋላ ስልኩ እንደ ድሮው ጮኸ።

አንድ ኮር የበላው

የሚገርመው ነገሩን የፈታው ያ የማይረባ ለውጥ መሆኑ ነው። መቶን ለስምንት ብታካፍለው 12.5 ነው፤ ለአሥራ ሁለት ብታካፍለው ደግሞ 8.3። ኮር ሲጨመር ቁጥሩ በዚህ ልክ ከወረደ የሚበላው አልቀነሰም፤ የምናካፍለው ነው የጨመረው። ስፑለሩ ውስጥ አንድ ትሬድ፣ ማለትም ለብቻው የሚሮጥ አንድ የሥራ መስመር፣ ያለ ዕረፍት እየተሽከረከረ አንድ ሙሉ ኮር ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ብዙ ሰው ስላተመ ቢሆን ኖሮ ጭነቱ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጥ ነበር እንጂ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይውልም።

ታስክ ማኔጀር ከዚህ በላይ አይነግርም። ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርን አወረድን፤ ማርክ ሩሲኖቪች ከጻፋቸው የሲስኢንተርናልስ መሣሪያዎች አንዱ ነው፣ በነፃ ነው የሚገኘው። ስፑለሩን ከፍተን ትሬዶቹን በፕሮሰሰር አጠቃቀማቸው ደረደርናቸው። ሁሉም ዜሮ አጠገብ ናቸው፣ አንዱ ብቻ 8 በመቶ ላይ ነው። መነሻው የዊንዶውስ የራሱ ፋይል አይደለም፤ የአንድ ፕሪንተር አምራች ሞጁል ነው። ቀለም አለቀ፣ ወረቀት ጠፋ የሚለውን መልእክት ከማሽኑ የሚያመጣው፣ ከድራይቨሩ፣ ማለትም ፕሪንተሩን ከዊንዶውስ ጋር ከሚያግባባው ፕሮግራም፣ ጋር ተጭኖ የመጣ ቁራጭ።

ፕሪንተሩን ፍለጋ ሁለተኛ ፎቅ ወጣን። የለም። ከወራት በፊት ተበላሽቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቷል፤ ሰርቨሩ ላይ ግን ከነአይፒ አድራሻው ተመዝግቦ ቀርቷል። ያ ቁራጭ ሁኔታውን ይጠይቃል፣ የሚመልስለት የለም፣ እንደገና ይጠይቃል። በደንብ የተጻፈ ፕሮግራም መልስ ሲያጣ ትንሽ ተኝቶ ነው የሚሞክረው፤ ይሄኛው አይተኛም።

ፕሪንተሩን መሰረዝ ቀላል ነበር፣ ድራይቨሩ ግን "በሥራ ላይ ነው" እያለ እምቢ አለ። ስፑለሩን አስነስተን፣ ማንም ሳይነካው በዚያችው ቅጽበት ከፕሪንት ማኔጅመንት መስኮት ሰረዝነው፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ተሳካ። እዚያው ሳለን ዝርዝሩን ስናይ በቢሮው ውስጥ የሌሉ ሞዴሎች ድራይቨሮች ተደርድረዋል።

ይህም ታሪክ አለው። ፕሪንትናይትሜር የተባለው የስፑለር የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆን የመጀመሪያው አስቸኳይ ማስተካከያ የወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 2021 ነው፤ በእኛ ሰኔ 29 ቀን 2013፣ ሒሳብ በሚዘጋበት ዋዜማ። ከወር በኋላ፣ ነሐሴ 4፣ የመጣው ማሻሻያ ደግሞ የፕሪንተር ድራይቨር መጫንን ለአስተዳዳሪ ብቻ ገደበው። ትክክለኛ እርምጃ ነው። እኛ ዘንድ ግን የተከተለው "ድራይቨር የለኝም" ያለውን ሁሉ ለማስታገስ የተገኘውን ድራይቨር በአስተዳዳሪ ስም ሰርቨሩ ላይ መጫን ሆነ። የገባ እንጂ የወጣ አልነበረም።

ከቀሩት ድራይቨሮች የሚፈቅዱትን ሁሉ ለየብቻ እንዲሮጡ አደረግናቸው። ከሰርቨር 2008 አር2 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ ድራይቨሩ ስፑለሩ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በራሱ ሂደት ይነሳል። ቢነድ የሚነደው እሱ ነው፣ ስፑለሩ አይወድቅም፤ ታስክ ማኔጀር ላይም ከስፑለሩ ተለይቶ ይታያል። በየትኛውም የጋራ ሰርቨር ላይ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው፣ ችግር ሳይኖርም።

የተቸነከረው ጭነት ጠፋ። ድንገተኛው ዝላይ ግን እንዳለ ነበር።

ህትመቱና መመለሱ

የህትመት ብዛት ነው የሚል ግምት ሁላችንም ላይ ነበር፤ ሰኔ ነዋ፣ ሁሉም ሪፖርት ያወጣል። ግምቱን ለመፈተን የህትመት አገልግሎቱን ዝርዝር መዝገብ ከፈትነው። ይህ መዝገብ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ካላበሩት ምንም አይጽፍም። ከበራ ግን ሰነድ በታተመ ቁጥር 307 የሚል ቁጥር ያለው መስመር ያስቀምጣል። ሌላው መዝገብ የሪሞት ዴስክቶፕ ነው፦ ሰው ሲገባ 21፣ መስመሩ ሲቋረጥ 24፣ ተመልሶ ሲያያዝ 25 ይጽፋል። የሦስት ቀን መዝገብ ወስደን፣ ሠራተኞቹ "ቆመ" ብለው ከደወሉበት ሰዓት ጋር ጎን ለጎን አደረግነው።

መጀመሪያ ምንም አልገጠመም። አንድ ምሽት ሙሉ ከለፋሁበት በኋላ ነው ጥፋቴ የገባኝ፦ የስልክ ማስታወሻው "8 ሰዓት" ይላል፣ እኔ መዝገቡ ላይ 8ን ሳይ ነበር። ሠራተኛዋ ከምሳ በኋላ ያለውን 8 ሰዓት ነው ያለችው፤ ለሰርቨሩ ያ 14 ሰዓት ነው። የሚያበሳጨው ይህን ስህተት ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ ስቄበት እውል ነበር።

ስድስት ሰዓት ጨምሬ ስደረድረው ሥዕሉ ቁልጭ አለ። 307 በጣም የበዛበት ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ሰዎች ሪፖርት አውጥተው የሚሄዱበት ነው፤ ያን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሰላም ነው። ፕሮሰሰሩ የሚዘለው ረፋድ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ 8 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በዚያ ሰዓት የታተመው ጥቂት ሰነድ ሆኖ ሳለ 25 ቁጥር ግን በአንድና ሁለት ደቂቃ ውስጥ ተግተልትሎ ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ጉብታ በፊት የ24 ጉብታ አለ። መብራት ሄዷል፣ ወይም የቅርንጫፎቹ መስመር ተቋርጧል፤ ሲመለስ ሁሉም አንድ ላይ ይገባል።

አንድ ሰው ሲመለስ ሰርቨሩ ፕሪንተሮቹን በሙሉ እንደ አዲስ ይፈጥርለታል። ሰው ደግሞ አንድ ፕሪንተር ያለው ይመስለዋል። የአንዲትን ሠራተኛ ኮምፒውተር ከፍተን ስንቆጥር ስድስት ነው፦ እውነተኛው ፕሪንተር፣ "ኮፒ 1" የሚል የእሱ ቅጂ፣ ፒዲኤፍ ማውጫው፣ ፋክስ፣ ዋንኖት፣ በቀድሞ ቢሮዋ የነበረው። ስድስትን በአርባ አባዙት፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ 240 ፕሪንተር ተፈጥሮ፣ ድራይቨር ተፈልጎለት፣ ፈቃድ ተጽፎለት፣ ለሌላው ሁሉ መታወጅ አለበት። አንድም ወረቀት ሳይወጣ።

ይህም ቢሆን አሥራ አምስት ደቂቃ መፍጀት አልነበረበትም። አንድ ፕሮግራም የሚያነበውንና የሚጽፈውን ሁሉ የሚመዘግበውን ፕሮሰስ ሞኒተርን ስፑለሩ ላይ ብቻ አነጣጥረን በአንዱ ዝላይ መሀል ሠላሳ ሰከንድ ቀዳነው። የተቀዳው ሁሉ የሬጅስትሪ፣ ማለትም ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ፣ ንባብ ነው፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ። እያንዳንዱ የመጣ ፕሪንተር ቲኤስ001፣ ቲኤስ002 እየተባለ የሚቆጠር ፖርት፣ ማለትም መገናኛ በር፣ ይሰጠዋል። ሰውየው ሲወጣ ፖርቱ ይቀራል፣ "የማይሠራ ቲኤስ ፖርት" የሚል መግለጫ ይለጠፍበታል፣ መዝገቡ ግን ከሬጅስትሪው ዲቫይስ ክላስስ ክፍል ሥር አይጠፋም። እኛ ጋ ቁጥሩ ከሺህ አልፎ ሄዷል። አዲስ ፕሪንተር በገባ ቁጥር ስፑለሩ ሙታኑን ሁሉ አንድ በአንድ እያነበበ ያልፋል።

የምሳ ሰዓቱ ሪስታርት ደግሞ እዚህ ላይ ይመጣል። ስፑለሩ ሲነሳ ከውጭ የመጡት ፕሪንተሮች ይጠፋሉ። ከምሳ የተመለሰው ሠራተኛ ፕሪንተሩን ሲያጣ የሚያውቀው መፍትሔ አንድ ነው፦ ወጥቶ መግባት። አርባ ሰው ከምሳ ሲመለስ ወጥቶ ይገባል፤ አዲስ ፖርት፣ አዲስ ሙታን። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ የሚመጣው ዝላይ መብራት ባልሄደበት ቀን ጭምር የሚመጣው ለዚህ ነበር። በሽታውን በቀን ሁለት ጊዜ ስንመግበው ኖረናል።

ያደረግነው

ሠሌዳውን መጀመሪያ አጠፋነው። በዚያው ቀን የ8 ሰዓቱ ዝላይ ቀረ፤ ሌላ ምንም ሳንነካ። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ ይህ ነው።

ከዚያ በግሩፕ ፖሊሲ፣ ለተጠቃሚዎች በአንድ ቦታ ደንብ በሚወጣበት የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ሁለት ነገር ተደነገገ። አንደኛው ከእያንዳንዱ ሰው ዋና ፕሪንተሩ ብቻ እንዲገባ፤ 240 የነበረው 40 ሆነ። ሁለተኛው ለሚመጣው ፕሪንተር ኢዚ ፕሪንት እንዲቀድም ነው። ኢዚ ፕሪንት ከሰርቨር 2008 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ የአምራቹን ድራይቨር አይፈልግም፣ ሰነዱን በኤክስፒኤስ መልክ ወደ ሰውየው ኮምፒውተር ልኮ የቀረውን እዚያ ላለው ድራይቨር ይተወዋል። መስመሩ የተቋረጠበት ሴሽንም፣ ሰውየው ሰርቨሩ ላይ ከፍቶ የተወው ሥራ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይንሳፈፍ ገደብ አደረግንበት።

የሞቱትን ፖርቶች ማጽዳት ለቅዳሜ ማታ ተተወ። ሬጅስትሪ በእጅ መንካት አልወድም። መጀመሪያ ብንሳሳት የምንመለስበትን የማሽኑን ስናፕሾት ወሰድን፣ የምንነካውን ክፍል ወደ ፋይል አወጣን፣ ሰው ሁሉ መውጣቱን አረጋግጠን ስፑለሩን አቆምን። ከዚያ "የማይሠራ" የሚል መግለጫ ያለባቸውን ብቻ የሚሰርዝ አጭር የፓወርሼል ስክሪፕት በሲስተም ሥልጣን አስኬድን፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ብቻውን እዚያ አይበቃም። ሰርቨሩ ተነስቶ የመጀመሪያው ሰው ሲገባ ፕሪንተሩ ወዲያው መጣ።

በቢሮው ውስጥ ያሉት የኔትወርክ ፕሪንተሮች ላይ የሠራነው ትንሽ ነው፦ የአምራቹን የህትመት ማቀነባበሪያ ትተን የዊንዶውስን ዊንፕሪንት መረጥን፣ ከማሽኑ ጋር በሁለት አቅጣጫ መነጋገሩን ዘጋን። የቀለሙን መጠን በስክሪን ማየት ቀረ። ሲያልቅ ወረቀቱ ይናገራል።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከአንድ ቅርንጫፍ ስልክ መጣ። "ወንድሜ፣ ደረሰኙ እየተንሸራተተ ነው፤ ደግሞ አንዱን ለማውጣት ደንበኛው አረጀ።" የረሳነው ነገር ነበር፦ የገንዘብ ያዦቹ ዶት ማትሪክስ። ባለ ካርቦን ተከታታይ ወረቀት ላይ የሚመታው ፕሪንተር በራሱ ፊደል ሲጽፍ ይሮጣል። ኢዚ ፕሪንት ግን ሁሉን ነገር ሥዕል አድርጎ ነው የሚልከው፤ መርፌዎቹ ገጹን ነጥብ በነጥብ ይስሉታል። የደረሰኙ ልዩ የወረቀት መጠንም በመንገድ ጠፍቶ ተራ ኤ4 ሆኗል፤ መንሸራተቱ ከዚያ ነው።

ፖሊሲው በኮምፒውተርም በተጠቃሚም ደረጃ ስለሚገኝ በተጠቃሚ ደረጃ አወረድነውና ለገንዘብ ያዦች ብቻ ኢዚ ፕሪንትን አስቀረንላቸው። ለእነሱ አንድ የዶት ማትሪክስ ድራይቨር፣ በሰርቨሩም በቅርንጫፉም በአንድ ስም ተጫነ፤ ስሙ በአንዲት ፊደል ከተለያየ አይገናኙም። ይህ አንድ ድራይቨር ለብቻው ነው የሚሮጠው። አንድ ጣጣ ግን ቀርቷል፦ የደንበኛው ስም በአማርኛ ሲጻፍ ፕሪንተሩ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለሌለ ያቺ መስመር እንደ ሥዕል ነው የምትሄደው፣ መርፌውም እዚያ ላይ ሲደርስ ይንፏቀቃል። ቋሚውን ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ቀድሞ ወረቀቱ ላይ እንዲያትመው አደረግን፤ ከሰርቨሩ የሚመጣው ስም፣ ቁጥርና ቀን ብቻ ሆነ። ገንዘብ ያዥዋ ስትደውል "አሁን ይቻላል" አለች፤ ፈጥኗል ግን አላለችም።

ሰኔ 30 አርብ ዋለ። ቀን 5 ሰዓት ላይ የሁለት ቅርንጫፎች መስመር ተቋረጠና ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ታስክ ማኔጀሩን ከፍቼ ቁጭ ብዬ ነበር። ስፑለሩ ወደ 20 በመቶ ወጣ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ወረደ። የፋይናንስ ኃላፊዋ አመሻሹ ላይ በበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን አስግገው "ዛሬ ምን ነካችሁ፣ አልደወልንላችሁም" አሉ። ኮሮቹን በሚቀጥለው ሳምንት ወደ 8 መለስናቸው።